ከሆስፒታል መልስ



ሐኪም አይደለሁም። እዚሁ ሀዋሳ 31 ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ፣ አሁን ጡረታ የወጣሁ መምህርት ነኝ። የምነግራችሁም ያነበብኩትንና በራሴ ገላ ያየሁትን ነው። ርዕሴ በሽታ አይደለም፤ በሽታው ካለፈ በኋላ የሚመጡት ቀናት ናቸው። ሐኪሙ የመውጫ ወረቀቱ ላይ ከፈረመበት ሰዓት አንስቶ ሰው «አሁን ነፍስ ዘራሁ» እስኪል ድረስ ያለው ጊዜ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለ ሰው በሽተኛ እንዳይባል ታክሞ ወጥቷል፤ ጤነኛ እንዳይባል ደግሞ ከአልጋው እስከ በሩ ለመድረስ ግድግዳ ይደገፋል።

ዓምና የሐሞት ጠጠር ያዘኝ። ጨጓራ ነው እያልኩ ብዙ ቆየሁ፤ ሐኪም ቤት ስደርስ የሐሞት ከረጢቱ ቆስሎ ስለነበር ሆዴ ተከፍቶ ኦፕራሲዮን ተደረግሁ። ቁስሉም አመርቅዞ 19 ቀን ተኛሁ። የወጣሁ ዕለት ወንድሜ ባጃጅ ይዞልኝ መጣ። ትራስ ሆዴ ላይ አቅፌ ተቀመጥኩ። ፍጥነት መቀነሻ በደረስን ቁጥር ሾፌሩ «አይዞዎት እናቴ፣ ቀስ እላለሁ» ይለኝ ነበር፤ ልጅ ነው፣ ስሙን አላውቀውም፣ ቃሉን ግን እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ። ከመንገዱ ዳር ያሉትን ዘንባባዎች አገሩን ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳየ ሰው አየኋቸው።

ቤት ስደርስ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፤ ቡናው ተፈልቷል፤ ፈንድሻው ተበትኗል። «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ» ይሉኛል፣ «አሜን» እላለሁ። ሁሉም ከልቡ ነበር። ማታ ሰው ሲበተን፣ መብራቱ ሲጠፋ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ። ለምን እንዳለቀስኩ አላውቅም ነበር። ቁስሉ ያን ያህል አያመኝም። ድኛለሁ። ልጆቼ በሚቀጥለው ክፍል ተኝተዋል። ታዲያ ምን ሆንኩ? ብዬ ስጠይቅ የመጣልኝ መልስ አንድ ነበር፤ «ምስጋና ቢስ ሆነሻል።»

ያ መልስ ስህተት መሆኑን ለማወቅ ብዙ ሳምንታት ፈጅቶብኛል። ዛሬ እዚህ የቆምኩትም ሌላው ሰው እነዚያን ሳምንታት ራሱን ሲወቅስ እንዳያሳልፋቸው ብዬ ነው።

ሃርላን ክረምሆልዝ የሚባሉ አሜሪካዊ የልብ ሐኪም አሉ። በፈረንጆች 2013 በአንድ የታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ አጭር ጽሑፍ አወጡ። በዚያን ጊዜ በአገራቸው በመንግሥት የጤና መድን የሚታከሙ አረጋውያን ከሆስፒታል ከወጡ በኋላ ከአምስቱ አንዱ ገደማ በ30 ቀን ውስጥ ተመልሶ ይተኛ ነበር። የሚገርመው ብዙዎቹ የሚመለሱት ቀድሞ በተኙበት በሽታ አይደለም፤ በሌላ ነው። ዶክተሩ ለምን ይሆን ብለው ሲመረምሩ ጣታቸውን የጠቆሙት ወደ ሆስፒታል ቆይታው ራሱ ነው። እንቅልፍ ይቆራረጣል፤ ለምርመራ ተብሎ ምግብ ይዘለላል፤ ሕመሙና መድኃኒቱ አእምሮን ያደበዝዛሉ፤ ቀንና ሌሊት ይምታታል፤ ሰውነት አልጋ ላይ ውሎ ይዝላል። ሰውየው ከገባበት በሽታ ድኖ ሲወጣ ሌላ ድካም ተሸክሞ ይወጣል ማለት ነው። ለዚህም «ድኅረ ሆስፒታል ሕመም» የሚል ስም ሰጡት።

ይህን ሳነብ ያ ክፍል ፊቴ ላይ መጣ። ሌሊቱን ሙሉ የማይጠፋው አምፖል። ልክ ዓይኔ ክድን ሲል ሙቀቴን ሊለኩ የሚመጡት ነርሶች፤ እነሱም አልተኙም፣ አልፈርድባቸውም። ጎማው የሚጮኸው ጋሪ። ማዶ አልጋ ላይ ሌሊቱን እናቷን የምትጠራው ልጅ። ለአልትራሳውንድ በባዶ ሆድ ስጠብቅ የዋልኩበት ቀን። 19 ሌሊት እንደዚህ ያደረ ሰው ቤቱ ገብቶ ባያለቅስ ነበር የሚገርመው።

ስለ መተኛት ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በፈረንጆች 2007 የታተመ ጥናት አለ፤ ምንም በሽታ የሌለባቸው አረጋውያን ለ10 ቀን አልጋ ላይ ብቻ እንዲውሉ ተደረገ። በአሥረኛው ቀን ሲለኩ ከእግራቸው ጡንቻ አንድ ኪሎ ገደማ ጠፍቷል። መተኛት ብቻ ነው ያደረጉት! እኔ ታምሜ፣ ሳልበላ፣ 19 ቀን ተኝቼ፣ በወጣሁ በሦስተኛው ቀን ሽንት ቤት ስሄድ እግሬ ሲብረከረክ «ይሄ በሽታ ጨረሰኝ» ብዬ ነበር። በሽታው ብቻ አልነበረም፤ አልጋውም ነበር። የአልጋው ደግሞ በእርምጃ ይመለሳል። ይህን ማወቄ ከመጀመሪያዎቹ የመረጋጋት ሌሊቶቼ አንዱን ሰጥቶኛል። ሰው የሚሆነውን ነገር ምክንያት ሲያውቅ ፍርሃቱ በግማሽ ይቀንሳል።

አሁን ለመናገር የሚከብደኝን ልናገር፤ ስለ ጥየቃችን።

የታመመ መጠየቅ ከያዝናቸው መልካም ነገሮች ሁሉ ትልቁ ነው ብዬ አምናለሁ። አገልግል ይዞ፣ ፔርሙስ ይዞ፣ ከሥራው ቀርቶ ሆስፒታል በር ላይ ተሰልፎ የሚጠብቅ ሕዝብ ነን። በብዙ አገር በሽተኛው ሆስፒታል ውስጥ ብቻውን ነው የሚተኛው፤ እኛ ጋ አስታማሚው ከአልጋው ሥር ምንጣፍ ዘርግቶ ያድራል። ነገር ግን ሁላችንም የምንመጣው በአንድ ጊዜ ነው። በወጣሁ በመጀመሪያው ሳምንት ቤቴ ሰው ያልገባበት ሰዓት አልነበረም። አንዱ ሲነሳ ሌላው ይቀመጣል። ለእያንዳንዱ በሽታዬን ከመጀመሪያው እተርካለሁ። አንዳንዱም በእኔ በሽታ የሞተ ዘመዱን ታሪክ ይነግረኛል፤ ክፋት ኖሮት አይደለም፣ ሐዘኑን ነው የሚያካፍለኝ፤ እኔ ግን ያን ሌሊት አልተኛም። ከዚያ ሁለተኛው ሳምንት ሳሳ። በአራተኛው ሳምንት በሬን የሚያንኳኳ ጠፋ ማለት ይቻላል። ልጆቼ ሥራ ይውላሉ። ብቻዬን ጣራ ሳይ የምውለው ያኔ ነበር፤ ሰው በጣም የሚያስፈልገኝም ያኔ።

ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው፦ የሚጠይቅ ሁሉ ከመጠየቅ እንዳይቀር፣ ግን ቀኑን እንድንከፋፈለው። የመጀመሪያውን ሳምንት ለቅርብ ቤተሰብና ለእንቅልፍ እንተውለት፤ በስልክ «እንኳን ማረህ» እንበል። ከዚያ በሦስተኛው፣ በአምስተኛው፣ በስምንተኛው ሳምንት እንሂድ። ሃያ ደቂቃ ተቀምጠን፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ገበያ አውርተን እንነሳ።

አንዲት ጎረቤቴ እንደዚህ አድርጋልኛለች። ማንም ሳያስተምራት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ሲዳማ ናት፣ በሰፈራችን ሁሉም እናቱ አድርጎ ነው የሚያያት። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ትመጣለች። አጥሚት በፔርሙስ ታመጣለች፣ ትቀዳልኛለች፣ «እንዴት ነሽ ዛሬ?» ትላለች፣ መልሴ ምንም ይሁን አትከራከረኝም። አንድ ሐሙስ «እማዬ፣ ምንም ደስ አይለኝም» አልኳት። «ድነሻል እኮ፣ ምን ጎደለሽ» ትላለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ዝም አለች። ተነሥታ ጓዳ ገባች፣ ሰፌድ ላይ ምስር ይዛ መጣች፣ ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። «ልቅሚ፤ እጅሽ ሥራ ፈትቶ ነው» አለችኝ።

ለቀምኩ። ግማሽ ሰዓት ይሆናል። እሷ ስትናገር እኔ ስለቅም፣ ጠጠሩን በአንድ ወገን እንክርዳዱን በሌላ ሳደርግ፣ በመስኮት የገባው ፀሐይ ሰፌዱ ላይ ሲያርፍ፣ ሳላስበው አንድ ነገር ተሰማኝ። ያ ምስር ማታ ወጥ ሆኖ ልጆቼ በሉት። ለሁለት ወር ያህል ሲደረግልኝ ብቻ የኖርኩ ሰው፣ ያን ቀን ለሰው አደረግሁ። የደስታዬ መጀመሪያ ያ ሰፌድ ነው። ትንሽ ነገር ነው፤ ግን የተመለሰልኝ ሰውነቴ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አንዲት ሴት መናገር አለብኝ። ብዙዎቻችሁ ስሟን ታውቁታላችሁ፤ ማሚቱ ጋሼ። በፈረንጆች 1962 ገና ልጅ ሳለች በወሊድ ተጎድታ፣ ፊስቱላ በሚባለው ጉዳት ተይዛ አዲስ አበባ መጣች። ያከሟት ከአውስትራሊያ በ1959 የመጡት ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ናቸው። ትምህርት ቤት ገብታ የማታውቅ፣ ማንበብና መጻፍ የማትችል የገጠር ልጅ ነበረች። በማገገም ላይ ሳለች የሌሎቹን ሕመምተኞች አልጋ ማንጠፍ ጀመረች። ከዚያ ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ መሣሪያ ማቀበል። ከዚያ ማየት፣ መማር፣ በመጨረሻም በገዛ እጇ መሥራት። የፊስቱላ ቀዶ ጥገና ለመማር የመጡ ሐኪሞችን እስከማሠልጠን ደረሰች፤ በ1989 ለንደን ከሚገኘው የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የወርቅ ሜዳልያ ተቀበለች፤ በ2018 ቢቢሲ ከዓመቱ 100 ሴቶች አንዷ አድርጎ መረጣት። ሁላችንም ቀዶ ሐኪም እንሆናለን ማለቴ አይደለም። እኔን የያዘኝ የመጀመሪያው ነገር ነው፤ አልጋ ማንጠፉ። ሕመሟ ገና አብሯት ሳለ ያነጠፈችው የሌላ ሰው አልጋ። «አንቺ ተኚ፣ አትንኪ» ብሎ አንሶላውን ከእጇ የቀማት ሰው አልነበረም።

ዶክተር ካትሪን ይህን የተረዱ ይመስለኛል። ሙሉ በሙሉ ሊድኑ ላልቻሉ ሴቶች ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ የመኖሪያ መንደር ሠሩላቸው፤ ስሙንም ደስታ መንደር አሉት። ሴቶቹ እዚያ ያርሳሉ፣ ይሠራሉ፣ ይማራሉ። በኋላ የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ የተከፈተው በዚያው ግቢ ነው። ከእኛም ከተማ ብዙ በማይርቀው ይርጋለም የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል አለ። ከዚያ ድነው የሚወጡ እናቶች አዲስ ቀሚስ ለብሰው ወደ ቤታቸው እንደሚሸኙ ስሰማ፣ ሁልጊዜ የማስበው ቀሚሱን ነው። በጨርቅ ቁስል አይድንም። ነገር ግን በመንገድ ላይ የሚያያት ሰው የሚያየው አዲስ ቀሚስ የለበሰች ሴት ነው፤ እሷም ራሷን እንደዚያ ታያለች።

ወደ ራሴ ልመለስ። ሐኪሜ «ተራመጂ» ብሎኝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከአልጋ እስከ ግቢው በር። በሁለተኛው ሳምንት እስከ ሱቁ፤ ባለሱቁ ወንበር አውጥቶ አስቀመጠኝ። በአምስተኛው ሳምንት ልጄ ይዞኝ ከሐይቃችን ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ ወረድን። ማለዳ ነበር። ጀልባዎቹ ከአሣ ተመልሰው ወደ አሞራ ገደል ያዘግማሉ። አባ ኮዳዎቹ እንደ ሽማግሌ ትከሻቸውን ሰብቀው ዳሩ ላይ ቆመዋል። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ያ ነጭ ፀጉሩ ይበተናል። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አላወራሁም፣ አልጸለይኩም፣ አላሰብኩም። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ሆዴ ሳላስብ ግማሽ ሰዓት አለፈ።

ውኃው እንዴት እንደዚህ ያደርጋል? ብዬ ሳነብ አንድ ድንቅ ጥናት አገኘሁ። ሮጀር ኡልሪክ የሚባል ተመራማሪ በፈረንጆች 1984 ያሳተመው ነው። በፔንሲልቫኒያ በአንድ ሆስፒታል ከ1972 እስከ 1981 የታከሙ 46 ሰዎችን መዝገብ አየ። ሁሉም የተደረገላቸው ኦፕራሲዮን የሐሞት ከረጢት ነው፤ የእኔው! ግማሾቹ የተኙበት ክፍል መስኮት ዛፍ ያሳያል፤ የግማሾቹ የጡብ ግድግዳ። በዕድሜም በሌላውም ተመሳሳይ የሆኑትን ጥንድ ጥንድ አድርጎ አመዛዘነ። ዛፍ ያዩት በአማካይ በ7.96 ቀን ወጡ፤ ግድግዳ ያዩት በ8.70 ቀን። ዛፍ ያዩት ጠንካራ ማስታገሻ የፈለጉት ያነሰ ነበር። ነርሶቹ በየመዝገቡ ላይ እንደ «ታለቅሳለች»፣ «ማበረታቻ ትፈልጋለች» ያሉ ማስታወሻዎችን የጻፉት ግድግዳ ላዩት በአማካይ ከሦስት ጊዜ በላይ ነው፤ ዛፍ ላዩት አንድ ጊዜ ያህል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ሁሉን ነገር አይፈታም። እኔ ግን ሳነበው ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ያለቀስኩባት ሌሊት ትዝ አለችኝ፤ ልጄን ጠርቼ አልጋዬን ወደ መስኮቱ አዞርን። ግቢያችን ውስጥ ያለው አንድ የአቮካዶ ዛፍ ነው። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት እሱን እያየሁ ተነሣሁ።

ፍሎረንስ ናይቲንጌል ከ160 ዓመት በላይ በፊት ይህንኑ ብላ ነበር። የነርስነት ሙያ እናት የምትባለው ይህች ሴት በሽተኛ ያንኑ ግድግዳ ያንኑ ጣራ ሲያይ መዋሉ እንዴት እንደሚያሠቃየው ጽፋለች። ራሷ ታምማ ሳለ የዱር አበባ እቅፍ ቢላክላት ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ማገገሟ እንደፈጠነ ታስታውሳለች።

ስለ ሐይቃችን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ መምህርት ነኝና። ሀዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፤ የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። እንደዚህ ያለ ሐይቅ ብዙውን ጊዜ ጨው ይሆናል፤ ሻላንና አቢያታን ተመልከቱ። የእኛ ግን አልሆነም። ባለሙያዎች ውኃው በከርሰ ምድር በኩል መሄጃ አለው ይላሉ። 31 ዓመት ለተማሪዎቼ ሰሌዳ ላይ የሳልኩት ነገር ነው። ያን ጠዋት ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ግን ለእኔ የተነገረኝ መሰለኝ።

ሁሉም ሐይቅ ዳር አይኖርም፤ አውቃለሁ። እዚህ ከተማ ሆስፒታሎች ተኝተው ከሚታከሙት ብዙዎቹ ከየወረዳው የመጡ ናቸው፤ በአውቶቡስ መናኸሪያ ቁስላቸውን ይዘው ሰዓታት ጠብቀው ነው የሚመለሱት። ግን ቤታቸው ሲደርሱ የጓሮ እንሰት አለ፤ ሰፊ አረንጓዴ ቅጠሉ፣ ጥላው። አልጋን ወደ እንሰቱ ማዞር ገንዘብ አያስወጣም። የሆስፒታል ኃላፊዎች በዚህ አዳራሽ ውስጥ ካላችሁ ደግሞ ልለምናችሁ፦ በየመስኮቱ ትይዩ ዛፍ ትከሉ። ሌሊት ሊጠፋ የሚችለውን አምፖል አጥፉ። የጋሪውን ጎማ ዘይት ቀቡት። እነዚህ የመድኃኒት ያህል ውድ አይደሉም።

ስለ ገንዘብ ካነሣን ዕድሮቻችንንም ላንሣ። የብዙዎቻችን ዕድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ገንዘብ ይሰጣል። ሰው ሲድን ግን የሚያደርገው ነገር የለም። የቀን ሠራተኛ ኦፕራሲዮን ተደርጎ ሲወጣ ሐኪሙ «ስድስት ሳምንት ከባድ አታንሣ» ይለዋል፤ ስድስት ሳምንት ምን ይበላል? በሁለተኛው ሳምንት ድንጋይ ይሸከማል፣ ስፌቱ ይፈታል፣ ይመለሳል። እንደዚህ ላለው ሰው ስለ ሐይቅና ስለ አበባ ብቻ ብነግረው ኃጢአት ነው። ዕድሩ ከወርሃዊ መዋጮው ጥቂት ቀንሶ ለተሻላቸው አባላት የአንድ ወር ቀለብ ቢችል፣ ያ ሰው የሚያገኘው መረጋጋት ከማንኛውም ምክር ይበልጣል። ይህን በየሰፈራችሁ ስብሰባ ላይ እንድታነሡት እለምናለሁ።

አስታማሚውንም አንርሳ። እህቴ 19 ሌሊት ሲሚንቶ ላይ ተኝታለች። እኔ ስወጣ ሁሉም እኔን ነው የጠየቀው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወገቧን ይዛ ተቀመጠች። ሕመምተኛ ልትጠይቁ ስትሄዱ ሁለት ሰው ነው የምትጠይቁት።

አንድ ከባድ ቃል፤ በአጭሩ። ትኩሳት ከተነሣ፣ ቁስሉ መግል ካወጣ፣ አንድ እግር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ትዕግሥት አያስፈልግም፤ ወዲያው ወደ ሐኪም። ድብርቱም ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይለቅ ከቆየ፣ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለ፣ «ባልኖርስ» የሚል ሐሳብ ካመጣ፣ እሱም ሕመም ነው፣ እሱም ሐኪም አለው። ጸበሉንም ጸሎቱንም ያዙ፤ ክኒኑን አትተዉ።

ከሆስፒታል በወጣሁ በሦስተኛው ወር ፍቼ ጫምባላላ ደረሰ። በ2015 በፈረንጆች አቆጣጠር ዩኔስኮ ከዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች አንዱ አድርጎ የመዘገበው፣ የሲዳማ ሕዝብ ዘመን መለወጫ። በዚያ ቀን ልጆች ከቤት ቤት እየዞሩ ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም ይላሉ። ጠዋት ነው፤ ቤት ብቻዬን ነበርኩ። የሐሙሷ ጎረቤቴ የልጅ ልጆች መጡ። በር ላይ ቆመው በአንድ ድምፅ «አይዴ ጫምባላላ!» ሲሉ ሰማሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «ግቡ፣ ክፍት ነው» ብዬ ከአልጋዬ እጣራ ነበር።

ተነሣሁ። ሳሎኑን አቋርጬ በሩን ከከፈትኩ በኋላ ነው ያስተዋልኩት፤ ግድግዳውን አልያዝኩም ነበር። ትንሿ ልጅ ቀና ብላ አየችኝና «መምህርት፣ አያቴ ምስሩን ጨረሽው ወይ ብላሻለች» አለችኝ።